በእጅ የማይፈርስ ግድብ

«ታድሏል» አሉ። ወንድሜ የሞተ ዕለት ደጃችን የመጣ ሰው ሁሉ ለእናቴ ያላት ይህንኑ ነው። «ታድሏል እኮ! በጾም፣ በቅዳሴ ሰዓት፣ ታቦት ባደረበት ውሃ!» ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ አፍንጫው ውስጥ ጭቃ እንዳለ በነጠላ ተጠቅልሎ መደቡ ላይ ተጋድሟል፤ እነሱ ታድሏል ይሉታል። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። የጎረቤት ልጅ ፈተና አለፈ ሲባል «ታድሎ!» ካለ ሰው አጠገብ ብድግ ብዬ የሄድሁበት ጊዜ አለ። ሰዎቹ «ምን ሆነች?» ይላሉ። ምን እንደሆንሁ ልናገር።

አገራችን ታች ጋይንት ነው፤ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ። ጊዜው ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ በየቀበሌው ጭቃ ሹም የሚያዝዝበት ጊዜ ነው። አባቴ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ሥራ ሁሉ የሚመሩት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ካህን ስለሆኑ እኔም እናቴም አንቱ እንላቸዋለን። እናቴን ግን አንቺ እያልሁ ነው ያደግሁት። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች፣ ከወንዙ ደግሞ በላይ ነበር። ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም ያያል።

በየዓመቱ ጥምቀት ሲቃረብ የደብሩ ወንድ ሁሉ ወደዚያች ወንዝ ይወርዳል። በጥር ውሃዋ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም፤ ስለዚህ ለበዓሉ ትገደባለች። ድንጋይ ይደረደራል፣ ቅርንጫፍ ይጋደማል፣ ሳሩን እንደያዘ የተፈነቀለ አፈር ይደረብበታል፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይለሰንበታል። አባቴ ከላይ ቆመው በመቋሚያቸው እያመለከቱ ያዝዛሉ። በሦስተኛው ቀን ውሃው መካከሉ ላይ ለጎልማሳ ደረቱ ይደርሳል። የከተራ ዕለት ታቦቱ ወርዶ በድንኳን ያድራል፣ በማግሥቱ ውሃው ተባርኮ ሕዝቡ ይረጫል፣ እልል ይባላል። በዚህ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። እስከ ዛሬ ጥምቀት ሲደርስ ደስ ይለኛል።

የሚያናድደኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ታቦቱ ገብቶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲበተን ግድቡ እንዳለ ይቀራል። በእኛ ደብር ታቦት ያደረበት ውሃ በሰው እጅ አይፈርስም። ከጥር እስከ ሰኔ እዚያው ተኝቶ ይከርምና ክረምት ሲገባ ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል። ጎርፍ የእግዜር ነው፣ ዶማ የሰው ነው ይላሉ። ሥርዓቱን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ከየትኛው መጽሐፍ እንደተገኘ አባቴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ፤ አንድ ቀን አልመለሱልኝም። በሌላው ደብር እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም እንጂ ሌላም ምክንያት ነበር። በበጋ ከብት የሚጠጣበት ቦታ ሩቅ ነው፤ ቁልቁለት ተወርዶ ዳገት ተወጥቶ ነው። ግድቡ ካለ ግን ከብቱ ደጅ ላይ ይጠጣል። በአካባቢው ብዙ ከብት የነበረው ደግሞ ጭቃ ሹሙ ነው። ለሥርዓቱ ከካህናቱ ይልቅ የሚቆረቆረው እሱ ነበር። ከብቶቹ ዳርቻውን እየረጋገጡ ጭቃውን እንደ ተልባ ያሟልጩታል። አዋቂ እንኳ ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን እምነታቸው ነው። ታቦት ያደረበት ውሃ ልጅ አይበላም ይሉ ነበር። በማዶ ያለው ገደል አፋፍ የታየ ልጅ እግሩ እስኪያብጥ ይገረፋል። ባሕረ ጥምቀቱ ዳር የታየ ልጅ ግን ማንም አይቆጣውም፤ እንዲያውም «ተባረክ፣ ታጠብ፣ በረከት ነው» ይባላል። አገሩ ሁሉ ደገኛ ነው፤ ዋና የሚችል አንድ ሰው የለም። መዋኘት የማይችል ሕዝብ ጥልቅ ውሃ በደጁ አስቀምጦ ልጆቹን ለመልአክ አደራ ሰጥቶ ይተኛል።

ወንድሜ የመጀመሪያው አይደለም። እኔ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ የጎረቤታችን ልጅ ሞታለች። አምስት ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ቅል አስይዛ ውሃ ልካት ነው። ቅሉ ተንሳፍፎ ተገኘ፣ እሷ ከሥሩ። ያኔም «ታድላ» ተባለ። እናትየዋ ደረቷን እየደቃች ስትጮኽ አንዲት ባልቴት እጇን ያዘቻትና «ኧረ ተይ፣ ከጸበል ጋር አትጣዪ» አለቻት። ሴትዮዋም ዝም አለች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ዐይኔ ላይ አለ፤ አፏ እንደተከፈተ ነው ድምፁ የቆመው። በማግሥቱ ከብቱ ከዚያው ውሃ ጠጣ። እኛም ከዚያው ቀዳን።

በዚያው ዓመት ወንድሜ ተወለደ። መሄድ ሲጀምር እናቴ እንቅልፍ አጣች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች፣ አባቴ የማረሻቸውን እርፍ ሲጠርቡ፣ ነገሩን አነሣችው። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ።

«አንቱ፣ ታቦቱ ከገባ ወዲያ ያ ውሃ ምን ይሠራል? አንድ ቀን በዶማ ቢከፍቱትስ?»

«ሥርዓት ነው፤ እኔ ያመጣሁት አይደለም» አሏት።

«ልጅ በላ እኮ።»

«እግዜር ወሰደ በዪ።»

«እግዜር ሊወስድ ሲል በሕመምም ይወስዳል። ይህን ገድባችሁ ያስቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ። የድንጋዩን ቦታ በመቋሚያ ያሳዩ አንቱ አይደሉም?»

አባቴ መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። «በሴት ቃል የደብር ሥርዓት አይለወጥም። አፍሽን ያዢ» አሏትና መጥረባቸውን ቀጠሉ። እናቴ ጎመኑን ይዛ ተነሣች። በነጋታው ልጇን አሰረችው።

የአህያ መጫኛ ነው ያሰረችበት፤ ጭነት የሚታሰርበት የቆዳ ጠፍር። እንዳይፍቀው ብላ ቅቤ እያሸች አለሰለሰችው። ከወገቡ ላይ አሮጌ ነጠላ አድርጋ፣ መጫኛውን በላዩ ዞራ፣ እጁ በማይደርስበት በጀርባው በኩል ሁለት ጊዜ ትቋጥረዋለች። ሌላውን ጫፍ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ታስረዋለች። ርዝመቱን ለክታዋለች፤ ልጁ ከደጃፉ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከዚያ ግን አያልፍም። እሱ እንደሆነ ግድ አልነበረውም። እየሮጠ ይሄድና መጫኛው ሲያልቅ በቂጡ ቁጭ ይላል፣ ይስቃል፣ እንደገና ይነሣል።

አገር ምድሩ ጉድ አለ። ልጇን እንደ ጥጃ የምታስር የቄስ ሚስት! ሴቶቹ እየመጡ ያያሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። የንስሐ አባቷ መጥተው «የተጠመቀ ልጅ አይታሰርም፤ እግዜርን ማመን አቃተሽ?» አሏት። ከሰው ሁሉ የበለጠ ያፈሩት አባቴ ነበሩ። ከቅዳሴ ሲወጡ በዋናው መንገድ መምጣት ትተው በጓሮ ይገቡ ጀመር። እናቴ ለሁሉም የምትመልሰው አንድ ነገር ነው፤ «ታስሮ ይኑርልኝ» ትላለች። ሌላ ክርክር አትገጥምም። «ታስሮ ይኑርልኝ።»

እኔም አፍሬባት ነበር። አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከእኩዮቼ ጋር ውሃ መውረድ፣ እንጨት መልቀም የምፈልግበት ጊዜ ነው። ልጃገረዶቹ እንስራቸውን አዝለው በደጃችን ሲያልፉ «እምቧ! እምቧ!» ይሉኛል። «የቄሱ ጥጃ አደረ ወይ? ሳር አቀረባችሁለት? ሲያድግ ለማን ልትሸጡት ነው?» እርር ድብን እላለሁ። በልቤ የምረግመው እነሱን አይደለም፤ እናቴን ነው። የሰው እናት እንደ ሰው፣ የእኔ እናት እንደ እብድ እያልሁ።

መጋቢት ነው፤ ዐቢይ ጾም። በዐቢይ ጾም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ አዋቂ ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነው። መንደሩ ላይ ሕፃንና ውሻ ብቻ ይቀራል። ያ ውሃም ብቻውን ይቀራል። እናቴ ነጠላዋን ተከናነበች፣ ቋጠሮውን በጣቷ ሳብ ሳብ አድርጋ አየችው፣ «ቅዳሴ እስኪወጣ ዐይንሽን ከሱ አታንሺ» አለችኝና ሄደች። እኔ ደጃፍ ላይ ምስር እለቅማለሁ፤ እሱ መጫኛው እስከሚደርስበት እየሄደ ይመለሳል።

ልጃገረዶቹ መጡ። ያው «እምቧ!» ነው። ድንጋይ ወረወርሁባቸው፤ ሳቁ፣ እየሳቁ አለፉ። ምስሩን ከነሰፌዱ ወረወርሁት። ከዚያ ወንድሜን ጎትቼ ጀርባውን አዞርሁትና ቋጠሮውን ልፈታ ያዝሁ። በጣቴ አልፈታ አለኝ፤ እናቴ ጠበቅ አድርጋ ነው የምትቋጥረው። ስለዚህ በጥርሴ ነከስሁት። ሁለቱንም ቋጠሮ በጥርሴ ነው የፈታሁት።

ቅቤው አፌ ውስጥ ገባ።

የጾም ቀን ነው። በዐቢይ ጾም ቅቤ ቀመስሁ! ክው አልሁ። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ጾም የገደፈ ምን እንደሚጠብቀው ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት። ወንድሜን ትቼ ወደ ጓዳ ሮጥሁ። ከማድጋው ውሃ በጣሳ ቀድቼ ተጉመጠመጥሁ፣ ተፋሁ። አሁንም ይሸተኛል። አመድ በጣቴ ዘግኜ ጥርሴንና ምላሴን ፈገፈግሁ፣ ደግሜ ተጉመጠመጥሁ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አቡነ ዘበሰማያት ሰባት ጊዜ ደገምሁ። ሰባት ጊዜ። አንድም ቃል አልዘለልሁም፤ ሲያመልጠኝ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። በእነሱ ስናደድ ብዙ ዓመት ኖርሁ እንጂ ያን ዕለት እኔም አንድ ፍሬ ልጅ ሆኜ ያው እነሱን ነበርሁ። ውሃው ደጅ ላይ ተኝቷል፣ ልጁ ተፈትቷል፣ እኔ ስለ ቅቤ እግዜርን እማፀናለሁ።

ስወጣ ደጃፉ ላይ መጫኛው ብቻ አለ።

በቤቱ ዙሪያ ሮጥሁ፣ በረቱን አየሁ፣ ስሙን ጠራሁ። ከዚያ ቁልቁል ወረድሁ። ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ እግዚኦታው ይሰማል፤ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ማረን፣ ማረን ይላል። ከዚያ እስከ ውሃው ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ውሃው ዳር ትንሽ የእግር ዱካ ጭቃው ላይ ታትሟል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ የተንሸራተተበት። እጀ ጠባቡ አየር ይዞ መካከል ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ገባሁ። ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ እግሬ ከዳኝ፤ የግድቡን ቅርንጫፍ ይዤ ተረፍሁ። ከዚያ ጮኽሁ።

ሰዎቹ መጡ። ካህናቱ ከነልብሰ ተክህኗቸው፣ ወንዱም ሴቱም። መጥተው ዳር ላይ ቆሙ። ያን ሁሉ ሰው አየሁት፤ ዳር ላይ ቆመ። ግድብ የሚሠሩ፣ ድንጋይ የሚፈነቅሉ ወንዶች የራሳቸው ግድብ ውስጥ መግባት ፈሩ። በመጨረሻ አባቴ በሁለት ሰው ተይዘው እስከ ወገባቸው ገቡና መቋሚያቸውን ዘረጉ። ድንጋዩን ባመለከቱበት በዚያው መቋሚያ፣ በመስቀለኛው ጫፍ፣ የልጃቸውን እጀ ጠባብ ጠልፈው ሳቡት። ዘቅዝቀው አራገፉት፣ ደረቱን አሹት። ምንም አልሆነም።

እናቴ አልጮኸችም። ልጁን ታቅፋ ወደ ቤት ወጣች፤ እኔ ከኋላ ከኋላ። ደጃፍ ስትደርስ መጫኛውን አየችው። ጎንበስ ብላ ጫፉን በጣቷ ነካችው።

«ቋጠሮዬ ላላ?» አለችኝ።

«አዎ» አልሁ።

ከዚያ ነው «ታድሏል» የተባለው። በማግሥቱ ቀበርነው። ሰው ከቀብር ሲመለስ እናቴ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ቤት ገባችና ዶማ ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸክፋ ግድቡ ላይ ወጥታ መታች። ማንም ምን እያደረገች እንደሆነ እስኪገባው ድረስ ዘጠኝ ጊዜ መታች፤ ቆጥሬያለሁ። ድንጋዩ መነቃነቅ ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ ዳር ላይ ቆመው የነበሩት ወንዶች፣ ልጇን ለማውጣት እግራቸውን ያላነሡት ወንዶች፣ አሁን ሮጠው ገቡ! አራት ሆነው እጇን ያዟት። ጭቃ ሹሙ ከዳር ሆኖ «ኧረ ያዟት! ከብቱስ ምን ሊጠጣ ነው?» አለ። ከሰው ፊት በሥርዓቱ ማመካኘቱን እንኳ ረስቶት ነበር። አባቴ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል።

የተባረከ ውሃ ላይ ዶማ አንሥታለችና ንስሐ ተሰጣት፤ እስከ ፋሲካ በየቀኑ አርባ ስግደት። ልጇ ለሞተባት ሴት! እናቴ ሰገደች፣ አንድ ቀን ሳታጎድል። እኔ አርባውን እየቆጠርሁ ከጎኗ እቆማለሁ። ስትጨርስ ግንባሯ ላይ ያለውን አፈር ሳታራግፍ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ስለ ግድቡ አንድ ቀን አላነሣችም።

በዓመቱ ጥምቀት ሆነ፣ ግድቡ ተሠራ፣ ታቦቱ ወርዶ ተመለሰ። በቃና ዘገሊላ ማግሥት አባቴ ሕዝቡን ዐውደ ምሕረቱ ላይ ሰበሰቡት። ሕልም አየሁ አሉ። ነጭ የለበሰ ሰው መጥቶ «ይህን ውሃ ስለምን ታስሩታላችሁ? ልቀቁት፤ በረከቱ በታች ላለው ቆለኛም ይድረሰው» አላቸው። ሕዝቡ እልል አለ። ባልቴቶቹ አለቀሱ። ወዲያው ዶማ መጣ፤ ያን ጊዜ የእናቴን እጅ የያዙት ወንዶች ማን ቀድሞ ይምታ ብለው ተሻሙ። ጭቃ ሹሙ ራሱ እጀ ጠባቡን ሰብስቦ ገባ፤ በነጭ ለባሽ ላይ ከብት ጠቅሶ የሚከራከር የለማ። እንደ ልማዴ ቆጠርሁ። በሃያኛው ምት ውሃው ተንደርድሮ ሄደ። የወንድሜ ዕድሜ ሃያ የዶማ ምት ነበር፤ እናቴ ዘጠኙን ጨርሳው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስንገባ እናቴ አባቴን ቀና ብላ አየቻቸው።

«እውነት አዩ?»

አባቴ ጥምጥማቸውን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ባላይስ ምን እል ነበር? ሚስቴ አለች ልበላቸው?» አሏት።

እናቴ እሳቱን ልታቀጣጥል ተነሣች። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አባቴን በሙሉ ልቤ ይቅር ብያቸው አላውቅም። ዋሽተው ማዳን ይችሉ ኖሯል። ሕልሙን አንድ ዓመት አስቀድመው ቢያዩት ኖሮስ? አንዲት ሴት በቀን ብርሃን፣ ዐይኗን ገልጣ ያየችውን አልሰማ ያለ አገር አንድ ሰው ተኝቶ አየሁ ሲለው ዶማ ይዞ ይሮጣል። እስከ ዛሬ በዚያ ደብር ግድቡ በቃና ማግሥት በጸሎት ይከፈታል፣ የቄሰ ገበዙ ሕልምም በየዓመቱ ይነገራል። እናቴ በሕይወቷ ሳለች በየዓመቱ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ትሰማዋለች። እልል በተባለ ጊዜ አፏን ነጠላዋ ውስጥ ትከታለች።

እኔ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ፣ ንፋስ መውጫ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ተማርሁና አስተማሪ ሆንሁ። ጃንሆይ ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ እዚያው ከተማ ትዳር ይዤ፣ ልጅ ወልጄ ነበር። ግቢያችን ውስጥ የውሃ ጉድጓድ አለ። የባሕር ዛፍ ሳንቃ አስመትቼ ክዳን አሠራሁለት፣ ቁልፍ አደረግሁበት፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ ከማተቤ ጋር አሰርሁት። ባለቤቴ ይስቅብኛል። ተማሪዎቼን ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ጎርፍና ስለ ኩሬ ስቆጣ «ተነሣባት» ይላሉ። ይበሉ።

አባቴ ካረፉ በኋላ እናቴ እኔ ዘንድ መጣች። ልጄ መሄድ ጀምራ ነበር። እናቴ ግቢውን ዞራ አየች፣ ጉድጓዱ ዘንድ ቆመች፣ ክዳኑን በእግሯ ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ ጥቅልሏን ፈታ መጫኛ አወጣች። ያው መጫኛ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስታስቀምጠው ኖራለች፤ እንዳይደርቅ ቅቤ ስትቀባው ኖራለች።

«እምዬ፣ ጉድጓዱ እኮ ክዳን አለው፣ ቁልፍም አለው» አልኋት።

«ክዳን ይረሳል» አለች።

ልጄን አስጠጋች፣ ጀርባዋን አዞረች፣ መጫኛውን ከወገቧ ዞራ ቋጠረች። አንድ ጊዜ ቋጠረች፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ሳብ ሳብ አድርጋ አየችውና ወደ እኔ ቀና አለች።

«እዪ፣ እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ቋጥሪ። እኔ በሁለት ትቼው ነው ላልቶ ልጄን የበላው። ካህናቱም አይደሉም፣ ውሃውም አይደለም። የኔ እጅ ነው» አለች።

ሃያ ዓመት አልፏል። ለካ እኔ አባቴን በሐሰታቸው ስኮንን ሃያ ዓመት የኖርሁት እሷ በየቀኑ ይህን ቋጠሮ በልቧ እየቋጠረችና እየፈታች ነው። ልነግራት አፌን ከፈትሁ። በጥርሴ ነው የፈታሁት፣ ቋጠሮሽ አልላላም፣ እንዲያውም ጠንክሮ አቃተኝ ልላት። መጫኛው ከአፍንጫዬ ሥር ነበር፤ የቅቤው ሽታ መጣና ጥርሴ መካከል ገባ።

«እሺ እምዬ» አልኋት፤ «ሦስት ጊዜ እቋጥራለሁ።»